ፒያሳ ላይ የሚተነፍስ ሞተር፦ የሕንፃ ጄኔሬተርን ናፍጣ ቆጣቢና ጭሱ ያነሰ አድርጎ ለመትከል

መብራት ሲጠፋ ቸርችል ጎዳና ላይ ቆማችሁ ወደ ፒያሳ ብታዩ፣ ከየሕንፃው ጀርባ የሚነሣውን ጭስ መቁጠር ትችላላችሁ። አንዱ ጥቁር ነው፣ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ባለሕንፃውን የሚያሳስበው የናፍጣው ሒሳብ ነው፤ ጎረቤቱን የሚያሳስበው በተሰጣው ልብስ ላይ ያረፈው ጥላሸት። ምንጩ ግን አንድ ነው፤ ተገዝቶ፣ ተጭኖ፣ እስከ ሞተሩ ድረስ ደርሶ በወጉ ሳይቃጠል የወጣ ነዳጅ።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስና ሜክሲኮ ባሉ ሕንፃዎች ምድር ቤት ውስጥ ጄኔሬተር ስተክልና ስጠግን ካየሁት ተነሥቼ ነው። ለባለሕንፃም፣ ለአስተዳዳሪም፣ ለኤሌክትሪሽያንም፣ ለመካኒክም ይሆናል። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉት። ብዙ ሰው ጭሱን ሲያይ መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ማርሚታ (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) እና ስለ ማጣሪያ ነው፤ ማጣሪያው ግን የመጨረሻው ነገር ነው።

ከሁሉ በፊት፦ አየሩን እወቁ

መሐል አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 እስከ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ 76 ኪሎፓስካል አካባቢ ይሆናል፤ በባሕር ወለል ላይ 101 ነው። ሞተሩ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ሲሊንደሩ የሚያስገባው አየር በሩብ ያህል ይቀንሳል ማለት ነው። ከቆላ የመጣ እንግዳ እንጦጦን ሲወጣ ቆም እያለ የሚተነፍሰው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሞተሩ ግን ቆም ብሎ መተንፈስ አይችልም።

አንድ ኪሎ ናፍጣ ሙሉ በሙሉ እንዲቃጠል 14.5 ኪሎ አየር ያስፈልገዋል። ይህ የወረቀት ሒሳብ ነው። በሲሊንደሩ ውስጥ ናፍጣውና አየሩ ተገናኝተው ለመቃጠል ያላቸው ጊዜ ከሰከንድ መቶኛ እንኳ ያንሳል፤ ስለዚህ ጭስ እንዳይወጣ ወደ 20 ኪሎ የሚጠጋ አየር ሊኖር ይገባል። የናፍጣ ፓምፑ ለባሕር ወለል ተስተካክሎ የመጣ ሞተር ፒያሳ ላይ ሲተከል የሚረጨው ናፍጣ ያው ነው፤ የሚያገኘው አየር ግን ሩብ ጎድሏል። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ጥቁር ነገር የዚያ ጉድለት ነው። ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ ይህን ጉድለት ማጥበብ ነው።

ደረጃ 1፦ የሕንፃውን ጭነት በሳምንት ለኩ

ጄኔሬተር የሚገዛው ብዙ ጊዜ በፍርሃት ነው። "እንዳያንሰን" ይባልና ትልቁ ይመጣል። ሳይለኩ መግዛት በመሐል ከተማ የማየው ትልቁ ስሕተት ስለሆነ እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ።

የምትፈልጉት አንድ ክላምፕ ሜትር (ሽቦውን ከውጭ አቅፎ አምፔር የሚለካ መሣሪያ) እና አንድ ደብተር ነው። ዋናው ሰሌዳ ላይ በሦስቱም ፌዞች (የኤሌክትሪክ መስመሮች) ያለውን አምፔር በየሰዓቱ አንብቡ፤ ለሰባት ቀን፣ ቅዳሜና እሑድን ጨምሮ። ሥራው አደገኛ ስለሆነ የሚያነበው ኤሌክትሪሽያን ይሁን። የሦስቱን ፌዞች አማካይ በ380፣ ከዚያ በ1.73፣ ከዚያ በ0.85 አባዙና ለ1,000 አካፍሉት፤ ኪሎዋቱን በግምት ታገኛላችሁ። አማካዩ 60 አምፔር ቢሆን 33 ኪሎዋት ተኩል ያህል ነው።

አሁን ይህን ቁጥር ምድር ቤት ካለው ማሽን ጋር አስተያዩት። 200 ኬቪኤ (የጄኔሬተር አቅም የሚጻፍበት መለኪያ) የሚል ከተጻፈበት በ0.8 ሲባዛ 160 ኪሎዋት ነው። 33 ኪሎዋት የሚበላ ሕንፃ 160 ኪሎዋት ሞተር ሲያስነሣ ከአቅሙ አንድ አምስተኛውን ብቻ ይጠቀማል። ሞተሩ ግን ብርሃን ሰጠም አልሰጠም በደቂቃ 1,500 ዙር መዞር አለበት፤ የገዛ ራሱን ፒስተን፣ ፓምፕና ማራገቢያ ለማዞር ናፍጣ ይበላል። በአንድ ሊትር ናፍጣ ውስጥ ያለው ኃይል 10 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። በደንብ የተጫነ ጄኔሬተር ከዚህ 3.3 እስከ 3.8 የሚሆነውን ኤሌክትሪክ ያደርገዋል። አንድ አምስተኛ ብቻ የተጫነው ወደ 2.5 ይወርዳል፤ 25 በመቶ ማለት ነው። ሩዶልፍ ዲዝል በፈረንጆች 1897 ያስፈተነው የመጀመሪያው የተሳካ ሞተሩ 26 በመቶ አካባቢ ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ የተለፋበትን መሻሻል በአንድ የተሳሳተ ግዢ ወደ መነሻው መመለስ ያሳዝነኛል።

የናፍጣው ብክነት ብቻ አይደለም። ከአቅሙ ሲሦ በታች ለረጅም ጊዜ የሚሠራ የናፍጣ ሞተር አይሞቅም። ሲሊንደሩ ስላልጋለ ናፍጣው በከፊል ብቻ ይቃጠላል፤ የቀረው ከዘይት ጋር ተደባልቆ ወደ ጭስ ማውጫው ይሄድና በየመገጣጠሚያው ጥቁር ፈሳሽ ሆኖ ይንጠባጠባል። አንድ ጊዜ ካዛንቺስ አካባቢ ያለ ሕንፃ ጥበቃ፣ ሸምገል ያሉ ሰው፣ ጄኔሬተሩን በኩራት ሲያሳዩኝ "ልጄ፣ በየቅዳሜው አሥር ደቂቃ አስነሣዋለሁ፤ አንድ ቅዳሜ አምልጦኝ አያውቅም" አሉኝ። ማርሚታውን ስነካው እጄ በጥቁር ቅባት ተለወሰ። "ጋሼ፣ ትጋትዎ ትክክል ነው፤ ያስተማረዎት ሰው ግን ግማሹን ብቻ ነው የነገረዎት" አልኳቸው። ያለ ጭነት አሥር ደቂቃ ማስነሣት ሞተሩን ሳያሞቁ በናፍጣ ማጠብ ነው። ከዚያ ወዲህ በወር አንድ ጊዜ የሕንፃውን መብራት አዙረው ለግማሽ ሰዓት ያሠሩታል፤ ጥቁሩ ፈሳሽም ቀርቷል።

ደረጃ 2፦ ቁጥሩን አሳንሱ

ከመግዛታችሁ በፊት ጄኔሬተሩ የማይመለከተውን ጭነት ከሱ ላይ አውጡ። በመሐል ከተማ ሕንፃዎች ምድር ቤቱ ምግብ ቤት ነው። አንድ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ 3 ኪሎዋት ተኩል ገደማ ይስባል፤ ሦስት ምጣድ ያለው ምግብ ቤት ከሁለት ፎቅ ቢሮ ይበልጣል። ናፍጣ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ፣ ኤሌክትሪኩን መልሶ ሙቀት ማድረግ ከአሥር እጅ ሰባቱን መንገድ ላይ መጣል ነው። ምጣዱን፣ የውኃ ማሞቂያውንና ምድጃውን ከመብራት ኃይል መስመር ብቻ በሚመጣ ለብቻው ሰሌዳ ላይ አድርጉ። ከተከራዩ ጋር መነጋገር ይጠይቃል፤ አስቀድማችሁ በውሉ ላይ ብታሰፍሩት ጭቅጭቁ ይቀንሳል።

ቀጥሎ የሞተሮችን አነሣስ እዩ። 7.5 ኪሎዋት የውኃ ፓምፕ ሲሠራ 15 አምፔር ያህል ነው፤ በቀጥታ ሲነሣ ግን ለጥቂት ሰከንድ 90 ሊደርስ ይችላል። ሰው ትልቅ ጄኔሬተር የሚገዛው ለዚያች ጥቂት ሰከንድ ነው። ስታር ዴልታ የሚባለው፣ ሞተሩን በሁለት ደረጃ የሚያስነሣው ማስነሻ ይህን ወደ ሲሦ ያወርደዋል፤ ቀስ በቀስ የሚያስነሡት ሶፍት ስታርተር ወይም ኢንቨርተር ደግሞ ከዚያ ያለዝቡታል። ፓምፑና ሊፍቱ በአንድ ጊዜ እንዳይነሡ በታይመር ለያዩዋቸው። የማስነሻው ዋጋ የጄኔሬተሩን መጠን በአንድ እርከን ከማሳደግ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው።

ሦስቱን ፌዞችም አመጣጥኑ። አንዱ ላይ 90፣ ሌላው ላይ 30 አምፔር ካነበባችሁ ኤሌክትሪሽያኑ ቢሮዎቹን እንደገና ያከፋፍላቸው።

ደረጃ 3፦ ሞተሩን ለ2,500 ሜትር ምረጡ

ከላይ ባለው ምሳሌ እንቀጥል። አማካዩ 33፣ ከፍተኛው 42 ኪሎዋት ሆነ እንበል። ሻጩ 60 ኬቪኤ፣ ማለትም 48 ኪሎዋት ያቀርብላችኋል። ይበቃል?

ሞተሩ ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሲሊንደሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ከሆነ በየ100 ሜትሩ ከአቅሙ 1 በመቶ ያህል ይጥላል ብላችሁ አስሉ። እዚህ ከፍታ ላይ ከ20 በመቶ በላይ ይሄድና 48ቱ 37 ይሆናል፤ 42ን አይሸከምም። በግድ ሲሸከም በጥቁር ጭስ ነው። ተርቦ ያለው፣ በተለይም የተጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዝ ኢንተርኩለር ያለው ሞተር፣ የሳሳውን አየር ጨምቆ ስለሚያስገባ የሚጥለው ያነሰ ነው። ምን ያህል እንደሚጥል ግን ከሞተር ሞተር ይለያያል። ተርቦው ከፍታውን ለማካካስ ከወትሮው ፈጥኖ ይሽከረከራል፤ እሱም የራሱ ወሰን አለው። ስለዚህ "ተርቦ ነው፣ አያሳስብም" የሚል ሻጭ አይበቃችሁም። የአምራቹን የከፍታ ሠንጠረዥ ጠይቁ፤ በ2,500 ሜትርና በ30 ዲግሪ ሙቀት የሚሰጠው ኪሎዋት በፕሮፎርማው ላይ ተጽፎና ማኅተም አርፎበት ይምጣ። ሠንጠረዡ 8 በመቶ ይጥላል ካለ 48ቱ 44 ይሆናል። 42ን ይችላል፤ 33ን ሲሸከም ደግሞ ሦስት አራተኛ ላይ ነው። የናፍጣ ሞተር ከ60 እስከ 80 በመቶ ሲጫን ነው ነዳጁን በደንብ የሚጠቀመው፤ ስለዚህ ይህ የምንፈልገው ቦታ ነው።

ሁለት ነገር አትርሱ። አንደኛ፣ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው አልተርኔተርም በሳሳ አየር ስለሚቀዘቅዝ ከ1,000 ሜትር በላይ ለየ500 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ይቀነስለታል። ሁለተኛ፣ ጄኔሬተሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር የ"ስታንድባይ" ነው ወይስ የ"ፕራይም" እወቁ። ስታንድባይ ለአጭር ጊዜ የሚገፋበት አቅም ነው፤ ፕራይም ለረጅም ሰዓት የሚሠራበት ነው፣ ብዙውን ጊዜ በ10 በመቶ ያህል ያንሳል። እኛ ጋ መብራት ለሰዓታት ሊጠፋ ስለሚችል ሒሳቡን በፕራይሙ ሥሩ።

ደረጃ 4፦ ክፍሉን ለአየር ሥሩት

አዲስ አበባ በከፍታ የነሣችንን በቅዝቃዜ በጥቂቱ ትመልስልናለች። ውጭው 20 ዲግሪ ሲሆን የጄኔሬተሩ ክፍል ውስጥ 45 ዲግሪ ካለ፣ ሞተሩ ከዚያው ክፍል ሲተነፍስ አየሩ ተጨማሪ 8 በመቶ ይሳሳበታል። በከፍታው ላይ ሌላ 700 ሜትር እንደመጨመር ነው። ይህን ጉዳት በምናለሽ ተራ በተሠራ አንድ የቆርቆሮ ቱቦ ማስቀረት ይቻላል፤ ከአየር ፊልትሮው ጀምሮ ቀዝቃዛ አየር ወደሚገኝበት የውጭ ግድግዳ አውጡት፣ አፉን ከዝናብና ከመንገድ አቧራ ከልሉት።

ከራዲያተሩ የሚወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ ወደ ክፍሉ እንዳይዞር በሸራ ማገናኛና በቆርቆሮ ሳጥን ወደ ውጭ ምሩት። ማስወጫው ከራዲያተሩ ፊት ስፋት 1.25 እጥፍ፣ ማስገቢያው 1.5 እጥፍ ይሁን። ምድር ቤት ውስጥ ሁለቱ በአንድ ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ሲሆኑ የወጣው ትኩስ አየር መልሶ ይገባል፤ በተቃራኒ ግድግዳ ይሁኑ።

የአየር ፊልትሮውን በቀን መቁጠሪያ ብቻ አትቀይሩት። የመታፈን አመልካች ቀይ ሲያሳይ ቀይሩት። በኮምፕሬሰር እየነፉ መልሶ መክተት ወረቀቱን ይበሳዋል፤ በኮሪደር ልማቱ ሥራ ጊዜ በየመንደሩ የነበረውን አቧራ የበላ ሞተር ፒስተኑ እንዴት እንደተፋቀ ሲከፈት አይቻለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። በክረምት ጥበቃዎች ለሙቀት ብለው ጄኔሬተር ክፍል ውስጥ ወይም በሩ ላይ ይተኛሉ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሰው እንቅልፍ የመጣበት እየመሰለው ያልፋል። ለጥበቃው ከጭሱ የራቀ፣ የሚሞቅ መኝታ መሥራት የዚህ ተከላ አንዱ ክፍል ነው። በጀቱ ውስጥ አስገቡት።

ደረጃ 5፦ ጭስ ማውጫው

ጠባብ ጭስ ማውጫ የሞተሩን ጉሮሮ ያንቃል። ያልወጣው ጭስ በሲሊንደሩ ውስጥ ቦታ ስለሚይዝ ንጹሕ አየር አይገባም፤ የተርቦውም አቅም ይወድቃል። ቧንቧው በጠበበ ቁጥር ግፊቱ የሚጨምረው ባልጠበቃችሁት ፍጥነት ነው፦ ከ5 ኢንች ወደ 4 ኢንች ብታወርዱት የቧንቧው ግፊት ሦስት እጥፍ ይሆናል። ርካሽ ስለሆነ ብቻ የጠበበ ቧንቧ ሰባት ፎቅ ድረስ የሚወጣበት ሕንፃ ላይ ጭሱን በምንም መካኒክ ማዳን አይቻልም። የአምራቹ መጽሐፍ የሚፈቅደውን የግፊት ወሰን እዩ፣ ቧንቧው በረዘመ ቁጥር አንድ እርከን አስፉ፣ ክርኑን አሳንሱ፤ ቀጥ ያለ ክርን ካስፈለገ በሁለት ለስላሳ እጥፋት ተኩት። ከሞተሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ተጣጣፊ ማያያዣ ይግባ። ከታች የውኃ ማፍሰሻ ይኑረው፤ የሐምሌ ዝናብ በቀጥታ ወደ ተርቦው መውረድ የለበትም።

አፉን የት ታደርጉታላችሁ? የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በፈረንጆች 2012 የናፍጣ ሞተር ጭስ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ መድቦታል። መሐል ከተማ ብዙ ቦታ ሕንፃና ሕንፃ ትከሻ ለትከሻ ስለቆሙ የእናንተ ጭስ ማውጫ ከጎረቤት ክሊኒክ መስኮት ፊት ለፊት ሊሆን ይችላል። ወደ ጣራ አውጡት፤ ከጎረቤቱ መስኮትም በላይ ይሁን። ወደ እግረኛ መንገድ የዞረ ጭስ ማውጫ ካያችሁ የሕንፃው መሐንዲስ ሥራውን አልጨረሰም።

ደረጃ 6፦ ፓምፑን ወደ ታች አስተካክሉ

ሞተሩ በኮምፒውተር የሚመራ ከሆነ የአየር ግፊቱን የሚያነብ ሴንሰር አለው፤ ናፍጣውን ራሱ ይቀንሳል፣ እናንተ ሴንሰሩ እንዳይቆሽሽ ጠብቁ። አሮጌው ሜካኒካል ፓምፕ ግን ከፍታ አያውቅም።

አንዳንድ መካኒክ "ሞተሩ ሰንፏል" ሲባል የፓምፑን ቡሎን አዙሮ ናፍጣ ይጨምራል። ለጊዜው ጉልበት ያለ ይመስላል፤ ጭሱ ይጠቁራል፣ የጭሱ ሙቀት ይንራል፣ ባልቦላና ተርቦ ይቃጠላሉ። መሆን ያለበት ተቃራኒው ነው። ፓምፑን አውርዳችሁ መፈተሻ ማሽን ወዳለው የፓምፕ ጋራዥ ውሰዱ፤ በሙሉ ጭነት የሚለቀቀው ናፍጣ አምራቹ ለ2,500 ሜትር በሰጠው መጠን ይስተካከል። የተቀነሰው ናፍጣ ጉልበት አይሰጥም ነበር፤ ጥላሸት ነበር የሚሆነው። በዚሁ አጋጣሚ ናፍጣውን ወደ ሲሊንደሩ የሚረጩት ኢንጄክተሮች ይፈተሹ፦ የሚከፈቱበት ግፊት በመጽሐፉ ልክ፣ ርጭታቸውም እንደ ጉም የደቀቀ ይሁን። የሚያንጠባጥብ ኢንጄክተር ካለ ኖዝሉን (የሚረጭበትን ጫፍ) ቀይሩ። ሶማሌ ተራ ስትገዙ የድሮውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ቁጥሩን አስተያዩ፤ መልኩ አንድ ሆኖ ቀዳዳው የሚለይ ኖዝል አለ።

የርጭቱ ሰዓት ሌላ ጉዳይ ነው። በሳሳ አየር ናፍጣው እሳት ለመያዝ ይዘገያል፤ ስለዚህ ጥቂት ቀደም ብሎ መርጨት ነዳጅ ይቆጥባል፣ ጥላሸትም ይቀንሳል። ነገር ግን የቃጠሎው ሙቀት ሲጨምር ሳንባ የሚጎዱት የናይትሮጅን ኦክሳይዶች ይበዛሉ። አምራቹ ካስቀመጠው ወሰን በራሳችሁ ግምት አትለፉ።

ናፍጣው ራሱም ይጠበቅ። ታንከሩ በክረምት ግማሽ ባዶ ከቆመ ግድግዳው ላይ ላብ ይሠራና ውኃ ከታች ይጠራቀማል። በየወሩ የታችኛውን ማፍሰሻ ከፍታችሁ ንጹሕ ናፍጣ እስኪመጣ ልቀቁ። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ናፍጣ አትግዙ፤ ፓምፑን የሚያለሰልሰው ናፍጣው ራሱ ስለሆነ ያ ቅልቅል ይበላዋል።

ደረጃ 7፦ ሞተሩ ይሙቅ

አዲስ አበባ ላይ ውኃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ስለዚህ የራዲያተሩ ክዳን ሌላ ቦታ ከሚኖረው የበለጠ ዋጋ አለው። ደህና ክዳን ግፊቱን ከፍ አድርጎ መፍላቱን ከ110 ዲግሪ በላይ ያቆየዋል፤ ጎማው የተበላ ክዳን ግን ገና 92 ላይ ያስፈላዋል። እንዲህ ሲሆን ብዙ ጊዜ የሚደረገው ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ነው። እባካችሁ አታድርጉት። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በቀዝቃዛዋ ከተማችን በ50 ዲግሪ ሲዞር ይውላል፤ ነጭ ጭስ ያወጣል፣ ዘይቱ በናፍጣ ይቀጥናል፣ ሲሊንደሩም ቶሎ ይበላል። መጀመሪያ ክዳኑን፣ ከዚያ ቺንጊያውን፣ ከዚያ የራዲያተሩን ክንፍ አቧራ እዩ። ከቧንቧ ውኃ ይልቅ የማቀዝቀዣ ፈሳሽና የተጣራ ውኃ እኩል ለእኩል ተጠቀሙ።

ደረጃ 8፦ ሌሊቱን ለባትሪ ስጡት

ሌሊት ሕንፃው የሚፈልገው የኮሪደር መብራት፣ ካሜራና የኢንተርኔት ዕቃ ነው፤ 5 ኪሎዋት እንበል። ለዚህ 160 ኪሎዋቱን ማሽን አሥር ሰዓት ማስነሣት ከ60 ሊትር በላይ ናፍጣ ሊፈጅ ይችላል። 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ የሊቲየም ባትሪና ኢንቨርተር ካላችሁ ግን ትንሹ ጄኔሬተር በሦስት አራተኛ ጭነቱ ሁለት ሰዓት ያህል ሠርቶ ባትሪውን ይሞላና ይጠፋል፤ የሚፈጀው 17 ወይም 18 ሊትር ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚያወጣ በአንድ ሌሊት ከ110 ኪሎ በላይ ይቀራል። መብራቱ በሦስት ሰዓት ውስጥ ከተመለሰ ደግሞ ሞተሩ ጨርሶ አይነሣም፤ ባትሪው የሚሞላው ከመስመሩ ነው፣ የአገራችን የመስመር ኤሌክትሪክም ከሞላ ጎደል የውኃ ኃይል ነው። እኔ ብጠየቅ ለሞተሩ ተጨማሪ ዕቃ ከመግዛት በፊት ገንዘቡን እዚህ ላይ አወጣለሁ።

ደረጃ 9፦ የጭስ ማጣሪያ፣ የቀረ ካለ

የኦክሲዴሽን ካታሊስት፣ ጭስ ማውጫው ላይ የሚገጠም ማጽጃ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድንና ሽታን ይቀንሳል፤ ለመሥራት ግን ጭሱ ከ200 እስከ 250 ዲግሪ መሆን አለበት። የጥላሸት ማጣሪያ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን ጥላሸት ይይዛል፤ ሆኖም የያዘውን ለማቃጠል ከፍተኛ ሙቀት፣ ሰልፈሩም ዝቅተኛ የሆነ ናፍጣ ይፈልጋል። በትንሽ ጭነት የሚሠራ ሞተር ላይ ከተገጠመ በሳምንታት ውስጥ ይደፈናል፣ ከዚያ ጉሮሮ ያንቃል። ከደረጃ 1 እስከ 8 ያለውን ሳትሠሩ አትግዙት። የናይትሮጅን ኦክሳይድን በዩሪያ ፈሳሽ የሚቀንሰው መሣሪያ ቀኑን ሙሉ ለሚሠሩ ትልልቅ ሞተሮች ነው፤ ለሕንፃ መጠባበቂያ አልመክረውም።

ደረጃ 10፦ ፈትኑት፣ መዝግቡት

ተከላው ሲያልቅ ሻጩ ፊት ፈትኑ። በሩብ፣ በግማሽ፣ በሦስት አራተኛና በሙሉ ጭነት ለየብቻ ሃያ ሃያ ደቂቃ አሠሩት። ናፍጣውን ምልክት በተደረገበት ጀሪካን ለኩ፤ ሞተሩ የተረፈውን ናፍጣ ስለሚመልስ መላኪያውም መመለሻውም ቱቦ እዚያው ጀሪካን ውስጥ ይግባ፤ አለበለዚያ ከሚበላው በላይ እንደበላ ይታያችኋል። የተመረተውን ኪሎዋት ሰዓት ከቆጣሪው አንብቡና ለሊትሩ አካፍሉ። በሦስት አራተኛ ጭነት ከ3.2 በታች ከሆነ አትረከቡ፤ አየሩን፣ ቧንቧውንና ፓምፑን እንደገና አስፈትሹ። ጭነት ሲጨመር ብቅ የምትል አጭር ጭስ ትፈቀዳለች፤ ጭነቱ ከተረጋጋ በኋላ ግን በዓይን የሚታይ ጭስ መኖር የለበትም።

ከዚያ ይህችን ወረቀት በአማርኛ ጽፋችሁ ክፍሉ በር ላይ ለጥፉ፣ ደብተርና እስክሪብቶም አብራችሁ እሰሩ፦

በተነሣ ቁጥር፦ ቀን፣ የተነሣበትና የጠፋበት ሰዓት፣ የቆጣሪው ቁጥር፣ የተጨመረ ሊትር፣ የውኃው ሙቀት፣ የጭሱ ቀለም።

ከመጥፋቱ በፊት፦ ጭነቱን አውርዶ ሦስት ደቂቃ ማቆየት፣ ተርቦው እንዲቀዘቅዝ።

ጥቁር ጭስ፦ ፊልትሮውን ማየት፣ ጭነቱን መቀነስ። ነጭ፦ ሞተሩ ቀዝቅዟል ወይም ውኃ ገብቷል፤ ከሞቀ በኋላ ካልጠፋ ማቆም። ሰማያዊ፦ ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ ዘይቱን ለክቶ መካኒክ መጥራት።

በሊትር የሚገኘው ኪሎዋት ሰዓት በተከታታይ ሁለት ወር ከ3 በታች ከወረደ፦ ጭሱን ሳይጠብቁ መካኒክ መጥራት።